የቡናው ገንዘብ ጉዞ፦ የፋይናንስ ዘርፎችና በውስጣቸው ያሉ ሙያዎች

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ጥቂት ቆይቶ ከድምፅ ሥር ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ሳምንታዊው የትምህርት ዝግጅታችን ጀምሯል።

የዛሬው ዝግጅት በተለይ የትምህርት ክፍል ለመምረጥ የምትዘጋጁ ወጣቶችን ይመለከታል። እናትና አባትም አብራችሁ ስሙ፤ ምርጫው ላይ የእናንተም ድምፅ አለበትና።

ርእሳችን ፋይናንስ ነው። አንድ ልጅ «ፋይናንስ ነው የማጠናው» ሲል ዘመዶቹ ምን ይሉታል? «ጎሽ! ባንክ ቤት ልትገባ ነው!» ይሉታል። አልተሳሳቱም። ነገር ግን ባንክ ከፋይናንስ ዘርፎች አንዱ ብቻ ነው። የቀሩትን ባለማወቅ ስንቱ ልጅ የሚስማማውን ሙያ ሳያየው ያልፋል!

ዘርፎቹን አንድ ሁለት ብዬ ብቆጥርላችሁ ነገ ትረሷቸዋላችሁ። ስለዚህ ሁላችንም የምናውቀውን ቡናን እንከተል። ከገበሬው ጓሮ ተነሥቶ ጅቡቲ ወደብ ላይ እስኪጫን ድረስ፣ በየደረሰበት ገንዘብ የሚያስፈልገው ማን ነው? ገንዘቡን የሚያቀርበውስ? መሐል ተቀምጦ የሚያሰላው ባለሙያስ?

በየቦታው ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን። እስክሪብቶ ያላችሁ ጻፉ። አንደኛ፦ ገንዘቡ የማን ነው? ሁለተኛ፦ መቼ ይመለሳል? ሦስተኛ፦ ባይመለስ ማን ይጎዳል?

እደግመዋለሁ። የማን ነው? መቼ ይመለሳል? ባይመለስ ማን ይጎዳል?

ለምን እነዚህን መረጥን? ፋይናንስ በአጭሩ፣ ዛሬ ገንዘብ የተረፈውን ዛሬ ገንዘብ ከጎደለው ጋር የማገናኘት ሥራ ነው። ሲያገናኙ ደግሞ ጊዜና ሥጋት መሐል ይገባሉ። አንዱ ዘርፍ ከሌላው የሚለየው ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ ነው።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ከገበሬው ጓሮ እንነሣ። ጅማ አካባቢ አንድ ቡና አምራች ቤተሰብ አለ እንበል። ቡናው የሚለቀመው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው፤ በብዙው አካባቢ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥና ጥር። የዓመቱ ገቢም የሚገባው ያኔ ነው። ቤተሰቡ የሚበላውስ ስንት ወር ነው? ጳጉሜን ሳትቀር ዓመቱን ሙሉ!

ክረምት ላይ እጅ ያጥራል። መስከረም ደግሞ ደብተርና የደንብ ልብስ ይዞ ይመጣል። የቸገረው ገበሬ ዛፉ ላይ ያለውን ቡና ገና ሳይቀላ ለነጋዴ በርካሽ ይሸጠዋል። ልብ በሉ፤ ይህ ገበሬ ሀብት አለው። የጎዳው ገንዘቡ የሚመጣበትና የሚያስፈልግበት ወር አለመገጣጠሙ ነው።

ይህን የሚመለከተው ዘርፍ የግል ፋይናንስ ይባላል። የአንድ ሰውን ወይም የአንድ ቤተሰብን ገቢ፣ ቁጠባ፣ ብድርና የወደፊት ዕቅድ ያያል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ ለዚህ ጉዳይ እቁብን ሠርተዋል። እስቲ ሦስቱን ጥያቄዎች እቁብ ላይ እንሞክራቸው።

የእቁቡ ገንዘብ የማን ነው? የአባላቱ። መቼ ይመለሳል? ዕጣው ሲደርስ። ዕጣ የወጣለት ሰው ከዚያ በኋላ መክፈል ቢያቆምስ? ዋሱ ይከፍላል! አያችሁ፣ ለሦስቱም ጥያቄ መልስ ተዘጋጅቶለታል። እቁብ ለዘመናት የቆየውም ለዚህ ነው።

ከእቁብ ቀጥሎ የቁጠባና ብድር ማኅበራት አሉ። ከዚያ ደግሞ ማይክሮፋይናንስ የምንላቸው አነስተኛ የብድርና ቁጠባ ተቋማት ይመጣሉ። በአገራችን ሕጋቸው የወጣው በ1988 ዓ.ም. ነው። ቤት ወይም መኪና በመያዣነት ማቅረብ ለማይችል ሰው፣ ጎረቤቶች በቡድን ሆነው አንዱ ለሌላው ዋስ እየሆኑ እንዲበደሩ አደረጉ። ከእነዚህ ተቋማት ያደጉ አሉ። ብዙዎቻችሁ «አብቁተ» ስትሉት የነበረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ጸደይ ባንክ ነው። የኦሮሚያው ደግሞ ሲንቄ ባንክ ሆኗል።

በዚህ ዘርፍ ምን ዓይነት ሥራ አለ? በየቀበሌው እየዞረ ተበዳሪን የሚያነጋግር የብድር ሠራተኛ አለ። የማኅበራት ሂሳብ ያዥ አለ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤምፔሳ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ በሞባይል ገንዘብ ዙሪያ ሌላ የሥራ መስክ ተከፍቷል። ወኪሎችን የሚያደራጅ፣ ማጭበርበርን የሚከታተል፣ ሶፍትዌር የሚሠራ፣ የደንበኞችን መረጃ የሚተነትን ሰው ይፈለጋል። ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት የሚወድ ልጅ፣ የገጠር መንገድም የማያስፈራው ከሆነ፣ የብድር ሠራተኛነት ያምርበታል።

(የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ቡናው ከጓሮ ወጣ። በሰብሳቢና በአቅራቢ በኩል፣ ወይም በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በኩል አልፎ ላኪው መጋዘን ይደርሳል። ላኪዋ አንዲት ወይዘሮ ናቸው እንበል። አንድ ኮንቴይነር ሊሞሉ ፈልገዋል። ስንት ጆንያ ይይዛል? ስድሳ ስድሳ ኪሎ የሆነ ወደ 320 ጆንያ።

ወይዘሮዋ ቡናውን የሚገዙት በኅዳር ነው፤ ያውም በጥሬ ገንዘብ። ከዚያ ይበጠራል፣ ይለቀማል፣ ናሙናው ይቀመሳል፣ ወደብ ይወርዳል፣ ይጫናል። የውጭው ገዢ ገንዘቡን የሚልከው ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። እስከዚያ ለለቃሚ ሴቶች የቀን ክፍያ አለ። የመጋዘን ኪራይ አለ። የጭነት መኪናው ገንዘቡን ይጠይቃል።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ወይዘሮዋ በዚህ ቡና በእርግጠኝነት የሚያተርፉ ቢሆኑ፣ ድርጅታቸው ሊዘጋ ይችላል? አስቡበት።

(አሥር ሰከንድ ቀለል ያለ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ መልሱ፦ አዎ፣ ሊዘጋ ይችላል! ትርፉ ያለው ገና በሚመጣው ክፍያ ውስጥ ነው። ደመወዝና ኪራይ የሚከፈለው ግን ዛሬ ሣጥን ውስጥ ባለው ብር ነው። የሚያተርፍ ድርጅት በጥሬ ገንዘብ እጥረት ሊወድቅ ይችላል። ይህን የዛሬ ትምህርታችን አንድ ቁም ነገር አድርጋችሁ ያዙት። ትርፍና ጥሬ ገንዘብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህን ክፍተት ማስላትና መሙላት የድርጅት ፋይናንስ ሥራ ነው። «ስንት ብር፣ ለስንት ወር ያስፈልገናል? ከባንክ እንበደር ወይስ ሸሪክ እናስገባ? አዲስ መበጠሪያ ማሽን ብንገዛ በስንት ዓመት ወጪውን ይመልሳል?» የሚሉትን ጥያቄዎች ይመልሳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያምታቱትን ነገር ላጥራ። የሂሳብ አያያዝና ፋይናንስ እህትማማቾች ናቸው፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። የሂሳብ ባለሙያው የሆነውን ነገር በትክክል መዝግቦ ያሳያል። የፋይናንስ ባለሙያው ያንን መዝገብ ይዞ ወደፊት ያያል፤ የሚቀጥለውን እርምጃ ያማክራል። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።

በዚህ ዘርፍ የሂሳብ ሠራተኛ፣ የዋጋ ሂሳብ ባለሙያ፣ የበጀትና ዕቅድ ተንታኝ፣ የውስጥ ኦዲተር፣ ከዚያም ከፍ ሲል የፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ መሆን ይቻላል። ፋብሪካ፣ ሆስፒታል፣ አየር መንገድ፣ የዕርዳታ ድርጅት፣ ሁሉም እነዚህን ሰዎች ይቀጥራል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ድርጅቶች በዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ እንዲሠሩ ስላዘዘ፣ ደረጃውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ተፈላጊ ነው። ኤ.ሲ.ሲ.ኤ. የሚባለውን ፈተና በደረጃ እየተፈተኑ የሚያልፉ ልጆች የሚገቡት እዚህ ነው።

(የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ወይዘሮዋ ክፍተቱን አስልተው ባንክ ሄዱ። እነሆ ዘመዶቻችን የሚያውቁት ዘርፍ ደረስን!

ባንክ በአገራችን አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ባንክ ኦፍ አቢሲኒያን ሥራ ያስጀመሩት በ1898 ዓ.ም. ነው። በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች በሙሉ ተወረሱ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ባንክ መክፈት እንደገና ተፈቀደ፤ አዋሽ ባንክ ቀዳሚው ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ ጸደቀ። ይህ ለእናንተ ለወጣቶቹ ምን ማለት ነው? ወደፊት ከውጭ ባንኮች ጋር የሚወዳደር ዕውቀት ይጠበቅባችኋል ማለት ነው።

ጥያቄዎቻችንን እናንሣ። ባንኩ ለወይዘሮዋ የሚያበድረው ገንዘብ የማን ነው? «የባንኩ ነዋ!» ያላችሁ ቆም በሉ። አብዛኛው የአስቀማጮች ነው። ጡረተኛው ያስቀመጡት አለ፤ ለልጇ ሠርግ የምትቆጥበው እናት ያስቀመጠችው አለ። መቼ ይመለሳል? ላኪዋ በውሉ ቀን ሲከፍሉ። አስቀማጯ ግን ነገ ጠዋት መጥታ «ገንዘቤን ስጡኝ» ልትል ትችላለች! የባንክ ሥራ ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ ረጅም ጊዜ አበድሮ በአጭር ጊዜ ለሚጠየቅ ገንዘብ ዝግጁ መሆን።

ስለዚህ በመስኮቱ በኩል ከምናያት ገንዘብ ከፋይ ጀርባ ብዙ ሰው አለ። ብድር ተንታኙ የወይዘሮዋን መዝገብ ያገላብጣል፤ መጋዘናቸውን ሄዶ ያያል። የሥጋት አስተዳደር ባለሙያው «ሁሉንም ብድር ለቡና ላኪ ብቻ ብንሰጥና የቡና ዋጋ ቢወርድስ?» ብሎ ይጠይቃል። የዓለም አቀፍ ባንክ አገልግሎት ሠራተኛው ኤልሲ የሚባለውን ሰነድ ይመረምራል። በኤልሲ የገዢው ባንክ «የመጫኛው ሰነድ በውሉ መሠረት ተሟልቶ ከመጣ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ቃል ይገባል። የማይተዋወቁ ሁለት ነጋዴዎች በባሕር ተራርቀው የሚገበያዩት በዚህ ነው። በሰነዱ ላይ የአንድ ቃል ስሕተት ክፍያን ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ሥራው ጥንቁቅ ዓይን ይፈልጋል።

የውጭ ምንዛሪ ክፍልም አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የዶላር ዋጋ ባንኮችና ደንበኞቻቸው በሚደራደሩበት አሠራር እንዲወሰን ሆኗል። ያኔ የዚህ ክፍል ባለሙያ ሥራ ተለወጠ፤ ዕለት ዕለት ገበያ ማንበብ ግድ ሆነበት።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። የባንክ ሥራ ከውጭ ሲያዩት ከረባትና ጥሩ ወንበር ነው። ከውስጥ ግን ገንዘብ ከፋዩ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ብር ቢጎድል ተጠያቂው ራሱ ነው። ብድር ክፍል የገባውን ልጅ ደግሞ ዘመድ ይጎተጉተዋል፤ «አንተ እያለህ ለአጎትህ ልጅ ብድር ይከለከላል?» ይሉታል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ አበው። ለአጎት ልጅ የሚሰጠው ብድር የዚያች እናት የሠርግ ቁጠባ ነው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው ይህን ሙያ ባይመርጥ ይሻለዋል።

(የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ጠለቅ ብለን እንግባ። ባይመለስ ማን ይጎዳል? ይህን ጥያቄ እንጀራው ያደረገ ዘርፍ አለ፤ የሥጋት አስተዳደርና መድን፣ በተለምዶ ኢንሹራንስ የምንለው።

ቡናው ምን ምን ሊደርስበት ይችላል? መኪናው ሊገለበጥ፣ መጋዘኑ ሊቃጠል፣ ባሕር ላይ ውኃ ሊገባበት ይችላል። ለእነዚህ የጭነትና የእሳት መድን ይገዛል። ዋጋ ቢወርድስ? የአረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ መነሻ የኒውዮርክ ገበያ ነው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ቡና፣ ከ4 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በፊት ያልታየ ዋጋ ነው። «ታዲያ ደስ አይልም?» ትሉኝ ይሆናል። ያለውን ቡና ለያዘ ሰው ደስ ይላል። ቀደም ብሎ በዝቅተኛ ዋጋ ለውጭ ገዢ ውል ፈርሞ፣ ቡናውን ግን ገና ከገበያ ያልሰበሰበ ላኪስ? በውድ ገዝቶ በርካሽ ሊያስረክብ ነው! ዋጋ ሲወርድም ሲወጣም የሚጎዳ አለ። የግዢውንና የሽያጩን ቀን ማቀራረብ፣ ሁለቱን ዋጋ አብሮ መቁረጥ፣ ይህን የሚያሰላ ሰው ለድርጅቱ ወርቅ ነው።

የአገር ውስጡን ግብይት ሥጋት ለመቀነስ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተቋቋመ። በዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት የተጀመረ ነው። ቡናው ደረጃ ይወጣለታል፣ መጋዘን ይገባል፣ ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ ይገበያያሉ። ሻጩ «ገዢው ይክደኝ ይሆን?» ብሎ እንዳይሰጋ ክፍያው በገበያው በኩል ያልፋል።

መድን ለላኪ ብቻ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ አዲ ሃ በምትባል ቀበሌ ለጤፍ ገበሬዎች አንድ የዝናብ መድን ተሞከረ። ካሳው የሚከፈለው ማሳ ለማሳ ዞሮ ጉዳት በመገመት አልነበረም። ከሳተላይት በሚገኝ መረጃ የዝናቡ መጠን ከተወሰነው በታች ከሆነ ካሳ ይከፈላል። ጥሬ ገንዘብ ያልነበራቸው ገበሬዎች የመድኑን ክፍያ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ በጉልበታቸው እንዲሸፍኑ ተደረገ። እንዲህ ያለውን አሠራር የሚያስብ ሰውም የፋይናንስ ባለሙያ ነው። ከረባት ላያስር ይችላል፤ ዝናብና ድርቅ ሲያሰላ የሚውል ሰው ነው።

የዚህ ዘርፍ ሙያዎች ምንድን ናቸው? መድን ለመስጠት የሚወስነው ባለሙያ፣ ጉዳት ገማቹ፣ የካሳ ክፍል ሠራተኛው፣ የሽያጭ ወኪሉ አሉ። ከሁሉም የሚልቅ ስሌት ያለበት ደግሞ አክቹዋሪ የሚባለው ሙያ ነው። አክቹዋሪ በሂሳብና በስታትስቲክስ፣ «ከእነዚህ ሰዎች መካከል በዓመት ስንቱ ይታመማል? ስንት መኪና ይጋጫል? ስለዚህ ክፍያው ስንት ይሁን?» የሚለውን ያሰላል። የጡረታ ፈንዶችም ያለ እሱ አይሆንላቸውም። በአገራችን ባለሙያዎቹ እጅግ ጥቂት ናቸው። ሒሳብ እየወደዳችሁ «ሒሳብ ተምሬ አስተማሪ ከመሆን ሌላ ምን እሠራለሁ?» የምትሉ ልጆች፣ ይህችን ቃል ጻፏት፤ አክቹዋሪ።

(የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ እስካሁን ያየነውን ላስታውሳችሁ። የግል ፋይናንስ፣ የድርጅት ፋይናንስ፣ ባንክ፣ ሥጋትና መድን። አራት ሆኑ። ሁለት ይቀሩናል።

ወይዘሮዋ ሥራቸው ሰፋ። አሁን ጥሬ ቡና መላክ ብቻ ሳይሆን ቆልተው፣ ፈጭተው፣ አሽገው መላክ ፈለጉ። ፋብሪካ ሊተክሉ ነው። ፋብሪካው ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ከብዙ ሰው በአክሲዮን ሊሰበሰብ ይችላል። ይህ የካፒታል ገበያ ነው።

በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን የሚገበያዩበት መድረክ ነበር፤ በአብዮቱ ቀረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ወጣ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ። መጀመሪያ የተመዘገበው ኩባንያ ወጋገን ባንክ ነው።

የኢትዮ ቴሌኮምንም ሽያጭ ታስታውሳላችሁ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከድርጅቱ አሥር በመቶው ለሕዝብ ቀረበ። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ውስጥ የተሸጠው ወደ 10.7 ሚሊዮን ሲሆን፣ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዝቷል።

ጥያቄዎቻችንን እንጠይቅ። አክሲዮን የገዛ ሰው ገንዘቡ መቼ ይመለሳል? ቀን የተቆረጠለት የለም! ኩባንያው ሲያተርፍ የትርፍ ድርሻ ይደርሰዋል፤ ወይም ድርሻውን ለሌላ ይሸጣል። ኩባንያው ቢከስርስ? የሚጎዳው ባለአክሲዮኑ ነው። ብድርና አክሲዮን የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አበዳሪ ውል አለው፤ ባለአክሲዮን ድርሻ አለው። ልድገመው፤ አበዳሪ ውል፣ ባለአክሲዮን ድርሻ።

ሙያዎቹስ? ኩባንያውን ለሽያጭ የሚያዘጋጀው የኢንቨስትመንት ባንክ ባለሙያ አለ። ለደንበኛ የሚገዛና የሚሸጥ ደላላ አለ። ስለ ደላላ ያላችሁን ሐሳብ ለጊዜው ተዉት፤ ይህኛው ፈቃድ ያለው፣ ቁጥጥር የሚደረግበት ባለሙያ ነው። የኩባንያውን ሪፖርት አንብቦ «ይህ ዋጋ ይገባዋል፣ አይገባውም» የሚል ተንታኝ አለ። የሌሎችን ገንዘብ ሰብስቦ የሚያስተዳድር የፈንድ ሥራ አስኪያጅ አለ። ሲ.ኤፍ.ኤ. የሚባለው ባለሦስት ደረጃ ፈተና በዓለም ላይ የሚታወቀው በእነዚህ ሙያዎች ነው። በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ውስጥ ተቀምጦ ሁሉንም የሚቆጣጠር ባለሙያም አለ።

ሥራው ሕግን ተከትሎ መሄዱን የሚያረጋግጥ የሕግ ማክበር ባለሙያም አለ። ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ እውነተኛ ምሳሌ ልስጣችሁ። ለታላቁ ሕዳሴ ግድብ ቦንድ የሚባለው የብድር ሰነድ ሲሸጥ፣ አሜሪካ የሚኖሩ ከ3,100 በላይ ወገኖቻችን ወደ 5.8 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቦንድ ገዝተው ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ ሕግ ለሕዝብ የሚሸጥ ቦንድ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ ይህኛው አልተመዘገበም። በ2008 ዓ.ም. ቦንዱን የሸጠው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከአሜሪካው የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ጋር ተደራድሮ ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ገዢዎቹም በፍቅር ነበር የገዙት። የሌላውን አገር ሕግ አስቀድሞ የሚያነብ አንድ ባለሙያ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ እንረዳለን። ሕግ ለሚወዱ ልጆች ፋይናንስ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለ።

(የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ የመጨረሻው ዘርፍ የመንግሥት ፋይናንስ ነው። ቡናው የሄደበትን መንገድ ማን ሠራው? ከወይዘሮዋ ትርፍ ላይ ግብር የሚሰበስበውስ? የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ግብሩ ግን በየወሩ እኩል አይገባም፤ የመምህራን ደመወዝ በየወሩ መከፈል አለበት። መንግሥትም እንደ ገበሬው የጊዜ ክፍተት አለበት! በግምጃ ቤት ሰነድ ለአጭር ጊዜ፣ በቦንድ ለረጅም ጊዜ ይበደራል።

ገንዘቡ የማን ነው? የሕዝብ። ባይመለስ ማን ይጎዳል? ሕዝቡ፤ ገና ያልተወለደው ልጅ ጭምር፤ ዕዳው ለእሱ ይተላለፋልና።

በዚህ ዘርፍ የበጀት ባለሙያ፣ የግብር ኦዲተር፣ የግዢ ባለሙያ፣ የመንግሥት ዕዳ ተንታኝ፣ የዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት መርማሪ፣ የብሔራዊ ባንክ የኢኮኖሚ ተመራማሪ መሆን ይቻላል። ከወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት እስከ ገንዘብ ሚኒስቴር ድረስ ሥራ አለ። ወረዳን የሚንቅ ልጅ አለ። አይናቅ! ወረዳ ላይ በጀት ያዘጋጀ ሰው፣ ቁጥሩ ወደ ክሊኒክና ወደ ትምህርት ቤት ሲለወጥ በዓይኑ ያያል።

(ሙዚቃ ለጥቂት ሰከንድ፤ ከዚያ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ እንግዲህ ስድስት ዘርፎች ሆኑ። የግል፣ የድርጅት፣ የባንክ፣ የሥጋትና መድን፣ የካፒታል ገበያ፣ የመንግሥት። ታዲያ የትኛውን ልምረጥ?

ምክሬ ይህ ነው። በሕንፃው ማማርና በመሥሪያ ቤቱ ስም አትምረጡ። ከሦስቱ ጥያቄዎች የትኛው ልባችሁን እንደሚስበው እዩ። «ገንዘቡ የማን ነው?» የሚለው የሚከነክናችሁ፣ አንዲት ብር ስትጎድል እንቅልፍ የሚነሣችሁ ከሆናችሁ፣ ኦዲትና ቁጥጥር ይስማማችኋል። «መቼ ይመለሳል?» የሚለውን ማስላት የምትወዱ፣ ዕቅድ የሚጥማችሁ፣ ብድር ትንተናና የድርጅት ፋይናንስ ይስማማችኋል። «ባይመለስስ?» እያላችሁ ክፉውን ቀን አስቀድማችሁ የምታስቡ፣ ወላጆቻችሁ «አንተ ልጅ ምነው መጥፎውን ብቻ ታያለህ?» የሚሏችሁ፣ መድንና ሥጋት አስተዳደር እናንተን ይፈልጋል።

መግቢያው በር አንድ ብቻ አይደለም። አካውንቲንግና ፋይናንስ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሒሳብ፣ ስታትስቲክስ፣ ሕግ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሁሉም ያስገባሉ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አካውንቲንግ ተምሮ በሂሳብ ሠራተኛነት ጀምሮ እየሠራ ዲግሪውን የሚቀጥልም ብዙ ነው። ገና ትምህርት ቤት ላላችሁ ሦስት ነገር ልበል። ሒሳብን አትሽሹ። እንግሊዝኛ ጥሩ አድርጋችሁ አንብቡ፤ ሪፖርቱና ውሉ በአብዛኛው በእሱ ነው። የኮምፒውተር ሠንጠረዥ መሥራት ከአሁኑ ተለማመዱ።

በውጭ አገር ላላችሁ አድማጮቻችንም አንድ ቃል። ሙያው አገር ያሻግራል፤ ፈቃዱ ግን በየአገሩ ይለያል። ለምሳሌ በአሜሪካ ሲ.ፒ.ኤ. የሚባለውን የሂሳብ ባለሙያ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ነው። የአገር ቤት ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ስትጠይቁ የምትኖሩበትን ግዛት ደንብ ጠይቁ።

አሁን የቤት ሥራ! በአካባቢያችሁ አንድ ሥራ ምረጡ። ዳቦ ቤት፣ ጋራዥ፣ የወተት ማኅበር፣ የጤፍ ወፍጮ፣ የፈለጋችሁትን። ባለቤቱን በትሕትና ጠይቁ፦ መነሻ ገንዘቡ የማን ነበር? ወጪውን መቼ መለሰ? ቢከስር ኖሮ ማን ይጎዳ ነበር? የሰማችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩልን። የባለቤቱን ስም አትጻፉ፤ የሰው የገንዘብ ጉዳይ አደራ ነው፤ ይህም የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ይሁናችሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የብድር ውል ላይ ከመፈረም በፊት የትኞቹን መስመሮች ማንበብ እንደሚገባ እንነጋገራለን። ውል ያላችሁ ውላችሁን ይዛችሁ ሬዲዮ አጠገብ ጠብቁን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ!

(የመለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ዝግጅቱ ያበቃል)